የቀኙ ስፖኪዮ

መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የቀኝ ስፖኪዮ አልነበራትም። በዚያ ዘመን ሰው ለቀኙ ብዙም አይጨነቅም ነበር። ጡረተኛው መምህር ከነጉድለቷ ወደዳት፤ ጉድለቷን ደግሞ በባለቤቱ ሞላው። ወደ ኋላ ሲሄድ እሱ ግራውን ይጠብቃል፣ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ቀኙን ትይዝና «ና… ና… ና… በቃ!» ትለዋለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ። በቀኝ ጎኗ ያለው ጭረት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን፣ እንደ ባለቤቱ አባባል፣ ጥፋተኛው ምሰሶው ነው።

ዘንድሮ ግን ለዓመታዊ ምርመራ ሲሄዱ መርማሪው መኪናዋን አንዴ ዞሯት «አንድ ጆሮ የላትም» ብሎ መለሳቸው። የግራውም ዝጎ ስለነበር መምህሩ ጥንድ አዲስ ስፖኪዮ ገዝቶ መጣ። ባለቤቱ ከካርቶኑ ሲያወጣ አየችው።

«ይኼ የቀኙ ነው?»

«ሕግ ነው እኮ።»

«ጥሩ። እንግዲህ እሱ ካለህ እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ በማግስቱም ገበያ ብቻውን ሰደደችው። ልጆቹ ጎጆ ከወጡ ወዲህ ቤት ውስጥ እሱ ጋዜጣ፣ እሷ ሬዲዮ ይዘው ነው የሚውሉት። የሚጨዋወቱት መኪና ውስጥ ነው፤ የሚጣሉትም፣ የሚታረቁትም እዚያው። ብቻውን ሄዶ ብቻውን ሲመለስ ባዶው ወንበር አስፈራው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእሱ ሊደርስ ነው።

ስፖኪዮውን ሊገጥም የመጣው መካኒክ ቡሎን ይባላል፤ አንዴ የያዘውን ነገር ስለማይለቅ ነው። ሁለቱንም ገጥሞ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ እትዬ ካልገቡበት የቀኙ አይስተካከልም።»

«ለምን ሲባል?»

«ባሌስትራው ደክሟል። እሳቸው ሲቀመጡ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትወርዳለች። በባዶ ወንበር ካስተካከልኩት፣ እትዬ የገቡ ቀን የሚያሳይዎት አስፋልቱን ብቻ ነው።»

መምህሩ ገብቶ ለመናት። «ሥራዬን ለወሰደው ደግሞ ልመዘንለት?» አለችና ሬዲዮዋን ከፍ አደረገችው።

ቡሎን መላ አያጣም። ከአጥር ሥራ የተረፈ ሲሚንቶ ጓሮ ውስጥ አይቶ ነበር። አንዱን ከረጢት ተሸክሞ አምጥቶ ቀኝ ወንበር ላይ አስቀመጠና ቀበቶ አሰረለት።

«አንድ ይበቃል፣ ጋሼ?»

መምህሩ ወደ መስኮቱ አየት አደረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግማሽ ጨምርበት» አለ።

ግማሹ ሲጫን ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ቆማለች። መቼ እንደወጣች ማንም አላያትም። የታሰሩትን ከረጢቶች ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ይኼ ማነው?»

መምህሩ ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞት አያውቅም። ቡሎን ግን በቅንነት መለሰ፤ «እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«እኔ? ይኼ ሁሉ? አውርዱልኝ!»

አወረዱት። ወንበሩን በእጇ አራግፋ ገባችና በሩን መኪናዋ እስክትነቃነቅ ድረስ ዘጋችው።

ማስተካከሉ ተጀመረ። መምህሩ መሪው ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ቡሎን ከውጭ የቀኙን መስተዋት ይገፋል። «ወደ ላይ… በዛ… ወደ ውጭ… አይ፣ ወደ ውስጥ…» ወደ ውስጥ ሲባል መስተዋቱ ከልክ በላይ ዞረና እዚያው ቀረ። ማሰሪያው ልል ነበር። ቡሎን ረጅም ካቻቢቴ ሊዋስ ጎረቤት ሄደ።

«እሱ እስኪመጣ ግንቡ ሥር ወደ ቦታዋ አስገባት» አለች ባለቤቱ ፊት ለፊቷን እያየች። «ለመጨረሻ ጊዜ ልምራህ።»

መምህሩ የኋላ ማርሽ አስገባ። እንደ ልማዱ ግራውን ሊያይ ሲል ዐይኑ ወደ ቀኝ ሸርተት አለበት። የዞረው ስፖኪዮ ውስጥ መንገድም ግንብም የለም። ያለው የባለቤቱ ፊት ነው።

«ና…» አለች።

ዐይኖቿን ጨፍናለች።

ትገልጣቸው እንደሆነ ጠበቀ። ጭራሽ አጥብቃ ጨመቀቻቸው። «ና…» ግንባሯ ተጨማዷል፤ እጇ የበሩን እጀታ አንቆ ይዟል። ፈርታለች፤ እንዲህ የፈራ ሰው አይቶ አያውቅም። «ና…» የኋላው ጎማ ግንቡ አጠገብ ያለውን የቦይ ክዳን ረግጦ ቋ አደረገው።

«በቃ!»

ፍሬን ያዘ። ወርዶ አየ። ከግንቡ አንድ ክንድ ቀርቷል፣ እንደ ሁልጊዜው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ! ሆስፒታሉ ግቢ፣ ገበያው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት በር፣ ቋ የሚል የቦይ ክዳን በሌለበት ቦታ ሁሉ። ላብ በጀርባው ወረደ። ምሰሶውን በልቡ ይቅርታ ጠየቀው። ቆይቶ ደግሞ ሌላው ነገር ገባው። ይህች ሴት መኪና እንዲህ እየፈራች አንድ ቀን «ዛሬስ ይቅርብኝ» ብላው አታውቅም። ዘንድሮ ሰበብ ስታገኝ እንኳ ተቀየመች እንጂ ተገላገልኩ አላለችም። ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ኮፈኑን ሲወለውል ቆየ።

«እህስ?» አለችው። «መስተዋትህ ምን አሳየህ?»

ዝም አይነቅዝም።

«ምንም» አለ። «በእሱ ብመራ ኖሮ ይሄኔ ግንቡ ውስጥ ነኝ።»

«አላልኩህም?» አለች ፊቷ ፈክቶ። «ነገ ለምርመራው ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?»

ቡሎን ካቻቢቴውን ይዞ መጣና ወደ ቀኙ ስፖኪዮ ጎንበስ አለ።

«እዚያው አጥብቀው» አለው መምህሩ።

«እንደዞረ? ጋሼ፣ በዚህ እኮ መንገዱ አይታይዎትም።»

«መንገዱን እሷ ታይልኛለች።»