ቀድሞ የሚሸጥ ጠፋ

በዚያ ዘመን ዓርብ ማታ በከተማችን እራት የሚሠራ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። የተጠበሰ ዓሣ ለመብላት ሁላችንም ወንዙ ዳር ወዳለው መጠጥ ቤት እንወርዳለን። ባለቤቱ ከቢራ መቅጃው በላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ፣ የምድጃ ፋብሪካችን አክሲዮን በዚያን ቀን ስንት ዶላር እንደዋለ በጠመኔ ይጽፍበታል። ሰዉ በሩን ከፍቶ ሲገባ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው። ዋጋው ከወጣ ጠረጴዛ ይደበደባል። ከወረደ ደግሞ፣ "ጉንፋን ይዟት ነው፣ ሰኞ ይሻላታል" ይባላል። ስለ አክሲዮኗ የምናወራው እንደ ዘመድ ነበር።

እኔ ያኔም ጭንቀታም ነበርኩ። ልጆቼ "እማዬ በበጋ ስለ በረዶ ታስባለች" እያሉ ይስቁብኛል፤ እውነታቸውን ነው። የመኪናው ጎማ፣ የምድር ቤቱ እርጥበት፣ የልጅ ልጄ የኬልሲ ሳል፣ አንዱም አያስተኛኝም። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ያ በጠመኔ የሚጻፈው ቁጥር ነበር፤ የባሌ የአርቪድ የጡረታ ገንዘብ በሙሉ እሱ ነበርና።

ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ጡረታ የሚያጠራቅምላቸው በገዛ አክሲዮኑ ነው። አርቪድ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ማቅለጫው ክፍል ብረት ሲያቀልጥ ኖሯል፤ ከቤታችንና ከዚያ አክሲዮን በስተቀር ሌላ ጥሪት አልነበረንም። ደንቡ ግን አንድ መውጫ ትቶ ነበር። ስድሳ ዓመት የሞላው ሠራተኛ፣ ከፈለገ፣ በየዓመቱ በግንቦት ወር ውስጥ ግማሹን አክሲዮን ሸጦ ገንዘቡን ወደ መንግሥት ቦንድና ወደ ባንክ ማዛወር ይችላል። ግንቦት ካመለጠው እስከ ከርሞ ይጠብቃል። አርቪድ ስድሳ የሞላው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው።

መብቱ አለ፤ የሚጠቀምበት ግን አልነበረም። አንድ የቀለም ክፍል ሠራተኛ ሸጦ ነበር አሉ። ዓርብ መጠጥ ቤት ሲመጣ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ብቻ አግዳሚው ላይ ጠጋ ያለለት ሰው ጠፋ። ሳህኑን እንደያዘ ቆሞ በላ። ይህን ወሬ የማያውቅ ልጅ እንኳ በከተማው አልነበረም።

በዚያ ጸደይ ደግሞ ነገር መበላሸት ጀምሯል። ቤት የሚሠራ ጠፋ፤ አዲስ ቤት ከሌለ አዲስ ምድጃ ማን ይገዛል? የቅዳሜ ፈረቃ ቀረ። ቁርስ ላይ አላስችል አለኝ።

"አርቪድ፣ ደመወዝህም እዚያው፣ ቁጠባህም እዚያው። ያ በር አንድ ቀን ቢዘጋ በየት ልንገባ ነው?"

"ደግሞ ጀመረሽ።"

"ግማሹን ነው ያልኩህ እንጂ ሁሉንም አላልኩም።"

"ይህን ጣራ የሠራልሽ እኮ ያ ፋብሪካ ነው።"

"ጣራውንማ የሠራኸው አንተ ነህ! ፋብሪካው መቼ መጥቶ ምስማር አቀበለህ?"

ሳቁ አመለጠው፤ ቡናውን ጨልጦ ወጣ።

የባሰው ዊልመር ነበር። ዊልመር የአርቪድ የልብ ጓደኛ ነው፤ በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ በአንድ እቶን ፊት ጎን ለጎን ላባቸውን ሲያንጠፈጥፉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዓርብ ሲመጣ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ቤቱን የሚሞላ ድምፅ አለው።

"ኤልኖራ! ሰሌዳው ላይ እንዲያ አታፍጥጪ፣ ታስደነግጪዋለሽ!"

"በእኔ ዓይን የሚደነግጥ ከሆነማ ድሮም ጤነኛ አይደለም" አልኩት።

"ስማ አርቪድ፣ ይህች ሴት አንድ ቀን ያንተንም ግማሽ ሸጣ ባንክ ታስገባዋለች።"

"የትኛውን ግማሽ?" አለ አርቪድ።

"የሚሠራውን ነዋ! የሚበላውን ማን ይገዛዋል?"

አግዳሚው በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ። ዓይኔን ግን ከሰሌዳው አላነሣሁም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ውስጥ ጀልባውን ሲቀባ አገኘሁት። ምንም ሳልለው፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "አላሰብኩበትም ብለሽ ነው?" አለኝ። "ፈረቃ ሲቀነስ እኔም ዓይን አለኝ እኮ።"

"ታዲያ?"

ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ነክሮ አወጣ። ቀለሙ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል።

"ታዲያማ፣ ዊልመር ምን ይለኛል?"

ወይ ጉድ! እኔ ገበያውን ያላየ መስሎኝ ስንት ወር ስለፈልፍ፣ እሱ ለካ አይቶ ጨርሷል። ያቃተው ቀድሞ መሸጡ ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የቀብር ምሳ ነበረ። ምሳው ካለቀ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ እኔ ሳህን ሳጥብ፣ የዊልመር ሚስት አይሊን ታደርቃለች።

"ያንቺ ሰውዬ ግማሹን አያወጣም?" አልኳት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወደ በሩ ገልመጥ አለች። "እንዴት ብሎ ያውጣ! ነጋ ጠባ 'አርቪድ ምን ይለኛል' ነው የሚለኝ።"

እጄ ላይ የነበረው ሳህን ውኃው ውስጥ ወደቀ። ድስት ትፈትግ የነበረችው ሎርና፣ ባሏ ጌይሎርድ የፋብሪካው መጋዘን ሠራተኛ ነው፣ ዞር አለችና፣ "የኔው ደግሞ አርቪድንም ዊልመርንም ነው የሚፈራው!" አለች።

ሦስታችንም ሳቅን። እንባችን እስኪወርድ፣ መደርደሪያ ይዘን ሳቅን። ፓስተሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "እዚህ ቤት ደኅና ነው?" ሲለን፣ አይሊን በፎጣው ፊቷን ሸፍና፣ "ሐዘን ነው ፓስተር፣ ሐዘኑ ከብዶን ነው" አለችው።

ከዚያ ሳቅ በኋላ ሐሳቡን ማን እንዳመጣው አላስታውስም። ሦስቱም ስድሳ ሞልቷቸዋል፤ በአንድ መኪና ይሂዱ፣ በአንድ ቀን ይፈርሙ፤ ቀድሞ ሸጠ የሚባል አይኖርም። የጡረታውን ሒሳብ የሚይዘው ቢሮ ያለው ከእኛ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ነው፤ ሚስትም አብራ ካልፈረመች አይቀበሉም። የቤተ ክርስቲያኑን ቫን ሎርና ትነዳለች። ወሩ የሚዘጋበት የመጨረሻው ዓርብ ተቆረጠ።

በዚያ ምሽት አርቪድን፣ "ዊልመር ዓርብ ሊሄድ ነው" አልኩት።

"ዊልመር?"

"ዊልመር።"

"ራሱ ነገረሽ?"

"አይሊን ነገረችኝ።"

አይሊንም በዚያችው ሰዓት፣ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ፣ "አርቪድ ሊሄድ ነው" እያለች ነበር።

ዓርብ ጧት ሦስቱም ከረባት አስረው መጡ። ማንም እሰሩ አላላቸውም። ጌይሎርድ አርቪድን ከላይ እስከ ታች አየና፣ "ማን ሞቶ ነው?" አለ። "አንተ ራስህ ያሰርከው ምንድን ነው ታዲያ?" አለው አርቪድ። መንገዱን ሁሉ በየአጥሩ ሥር ሐምራዊው የጸደይ አበባ ፈክቶ ነበር፤ ሽታው በመስኮቱ ይገባል። እኔ የኋላው ጎማ ድምፅ አላምር ብሎኝ ጆሮዬን አቁሜያለሁ። ዊልመር ብቻ ነው ያወራው። "ሎርና፣ ቀስ በይ እንጂ! ወደ ቄራ የሚነዳ ከብት አይጣደፍም።"

ደረስን። ጌይሎርድና ሎርና ወርደው ገቡ። አርቪድና እኔም ወረድን። ዊልመር ግን ከወንበሩ አልተነሣም።

"ና እንጂ" አለው አርቪድ።

"እናንተ ግቡ፤ እኔ መኪናዋን እጠብቃለሁ።"

"ማን ይሰርቃታል? ጎኗ ላይ የቤተ ክርስቲያን ስም ተጽፎባት!"

ዊልመር አልሳቀም። ከረባቱን ፈታ። "አባቴም እዚያው ነው የሠራው፤ ለቀብሩ ፋብሪካው ለግማሽ ቀን ቆሞለታል። አልችልም አርቪድ። ሞከርኩ እኮ፣ እዚህ ድረስ መጣሁ። አልችልም።"

አይሊን አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አላለችም።

አርቪድ በቢሮው በርና በቫኑ መካከል ቆመ። ከዚያ ወደ ቫኑ ተመለሰና እጁን በሩ ላይ አሳረፈ። "እንግዲያው እኔም..." ብሎ ጀመረ።

ዓመት ሙሉ አፌን ያልዘጋሁት ሴትዮ፣ የምናገረው ሲያስፈልገኝ ምላሴ ተሳሰረ። የኬልሲን ጫማ አሰብኩ፤ ምን እንዳሳሰበኝ አላውቅም፣ እግሯ በየወሩ ያድግ ነበር።

"እንግዲያው አንተም ምን?" ብሎ ጮኸበት ዊልመር። "እኔን ልታጅብ ነው እንዴ የተፈጠርከው? ግባ አንተ ሰውዬ! ይህች ሴት አንድ ሌሊት እንኳ ተኝታ ትደር!" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማታ ቦታ እይዝልሃለሁ" አለው።

አርቪድ እጁን ከቫኑ በር ላይ አነሣ። ከዚያ ዞሮ ገባ፤ ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ። ብዕሩን ለሰጠችን ወጣት ከመመለሴ በፊት ቀኑን በትክክል መጻፋችንን ሁለት ጊዜ አየሁ።

ያን ማታ መጠጥ ቤቱ ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ጸጥ ብሎ ጠበቀን። ዊልመር ተነሥቶ አግዳሚውን በሙሉ በትከሻው እየገፋ፣ "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ! ባለሀብቱ መጣ!" ሲል ሰዉ ሳቀ፤ አርቪድ ተቀመጠ። ጌይሎርድም ከኋላው ሾልኮ ተቀመጠ።

ገበያው የወደቀው በመስከረም ነው። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ቀይ ቁጥር ሲያሳይ ይውል ነበር፤ ትልልቅ ባንኮች ሲፈርሱ አየን። ዛሬ ገበያው ትንሽ በተናወጠ ቁጥር ኬልሲ ትደውልልኛለች፤ እሷም አሁን ለጡረታዋ ታጠራቅማለች። "አያቴ፣ ምን ልሁን?" ትለኛለች። "ያለሽ ሁሉ አንድ ቦታ ነው?" እላታለሁ። አይደለም ትለኛለች። "እንግዲያው ቴሌቪዥኑን አጥፊና ራትሽን ብዪ" እላታለሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ግን የራሴን ቴሌቪዥን እከፍታለሁ።

የእኛ የምድጃ አክሲዮን ከአርባ ዶላር ወርዶ ወርዶ የገና በዓል ሲደርስ ሁለት ዶላር ገባ። ባለ መጠጥ ቤቱ መጀመሪያ መጻፉን ተወ፤ ቀጥሎ ሰሌዳውን አወረደው። ማቅለጫው ክፍል ተዘጋ። ሳንሸጥ ያስቀረነው ግማሽ እንደ ጢስ ሄደ። ያዛወርነው ግማሽ ግን እዚያው ባንኩ ውስጥ ተጋድሞ ነበር፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ለሁለት ሽማግሌ ይበቃል። አርቪድ ሥራ ሳይፈልግ ጡረታ ወጣ። ሁሉም የሄደበት ዊልመር ግን ቀይ የሥራ ሽርጥ ለብሶ፣ በከተማችን የቤት መሥሪያ ዕቃ መደብር ከቁልፍ መቅረጫው ማሽን ኋላ ቆመ። እስከ ሰባ ሁለት ዓመቱ ድረስ ቆመ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ አይሊንን ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ ሳገኛት መግቢያ አጣሁ። እሷ ክንዴን ያዘችና፣ "ኤልኖራ፣ እንዲህ አትሁኚብኝ" አለችኝ። "ወስደሽን ነበር እኮ።"

ለአርቪድ የጡረታ ዘመን ስንት ነገር አስቤ ነበር! ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ጀልባውን ያወጣል፣ ከእኔ ጋር ሐይቁን ዞሮ ያያል። የመጀመሪያው ሰኞ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ተኩል የሥራ ሸሚዙን ለብሶ፣ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ዕቃ መደብሩ ውስጥ፣ ከዊልመር ማሽን ጎን፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ማክሰኞም እንዲሁ። ገዢዎች ሠራተኛ እየመሰላቸው የብሎን መደርደሪያ ይጠይቁታል፤ እሱም ተነሥቶ ያሳያል።

"ያን ሁሉ ተጨንቄ ያተረፍኩት ዕረፍት ለዊልመር ነው እንዴ?" አልኩት አንድ ቀን ተናድጄ።

"ለማን ይሁን ታዲያ?" አለኝ።

አርቪድም ዊልመርም ዛሬ በሕይወት የሉም። ጧት ጧት ያ ሰዓት ሲደርስ አሁንም የመኪናውን ድምፅ እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ከተናደድኩ በኋላ ያደረግሁት ምንድን ነው፣ ምሳ ለሁለት አስሬ ይዤ ሄድኩ። መደብሩ የተቆረጠ እንጨትና የማሽን ዘይት ይሸታል። ዊልመር ገና ከሩቅ አየኝ።

"ኤልኖራ፣ እባክሽ ይህን ሰውዬ ውሰጂልኝ! ደመወዝ የለው፣ ሥራ የለው፣ አፉ ግን ሙሉ ፈረቃ ይሠራል!"

"ነገም ይመጣል" አልኩት፣ ምሳውን ማሽኑ ላይ እያስቀመጥኩ። "ከነገ ወዲያም።"