የአምስተኛው ክፍል አውፍታ

ሙሀባን ሲያንገበግባት የኖረው ጥፊው አልነበረም፤ ሳቁ ነው።

ጥፊውንማ ሸዋ ሮቢት ሙሉ ያውቀዋል። ከጣውንቷ ከዙሀራ ጋር የተቀረፀችበት ሦስተኛው ፊልም መጨረሻ ላይ ዙሀራ በረንዳው ላይ በጥፊ ታጮላታለች፣ ሻሿ ይወድቃል፣ ፊልሙም እዚያው ያልቃል። ድርሰቱ «ገፍታት ትሄዳለች» ነበር የሚለው፤ ዙሀራ ግን ከልቧ መታቻት። ያኔ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ የነበረው የሁለቱም ባል ሳልህ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከፊልሙ ጋር ተቀዳ። ሳልህ ከሞተ ቆየ፤ ሳቁ ግን ስልክ ባለው ሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ አለ። ሙሀባ ገበያ ላይ ሽንኩርቷን ዘርግታ ስትቀመጥ አንዱ ባጃጅ ነጂ ይከፍተዋል። ጧ! ከዚያ ሳቁ።

«እትዬ ሙሀባ፣ ጉንጭዎ ገና አልቀዘቀዘም?»

«ና ጠጋ በል፣ ያንተን ላሙቅልህ!»

ፊልሙን የሠራው የሳልህ የእህት ልጅ ሰዲቅ ነው። ሦስቱን ሲሠራ በእጁ የነበሩት አንድ የተዋሰው ካሜራና ሁለት የሚጠላሉ የአጎቱ ሚስቶች ብቻ ነበሩ። ድርሰቱንም ቤታቸው ተቀምጦ ሲሰዳደቡ እየሰማ ነው የጻፈው። ከካራቆሬ እስከ ደብረ ሲና ያለው ሰው እየደጋገመ አየው። ኋላ ሰዲቅ አዲስ አበባ ገባና አራተኛውን ይዞ መጣ። ከሰማይ የሚቀርፅ ድሮን አለው፤ የጣውንቶቹን ቦታ ቀሚሳቸውን አቧራ ያልነካው ሁለት ቆነጃጅት ይዘውታል። ፊልሙ ሳያልቅ አዳራሹ ባዶ ሆነ። አንዷ ሴትዮ ስትወጣ፣ «እነዚህ ሲጣሉ እንኳ የሚመራረቁ ነው የሚመስሉት» አለች። ያን ቀን ሙሀባ ራቷ ጣማት።

ዘንድሮ ሰዲቅ አምስተኛውን ሊሠራ ተመልሶ መጣ።

«እትዬ፣ ያለ አንቱና ያለ እትዬ ዙሀራ አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ምን ነበራቸው? እስኪ ይንገሩኝ።»

«እኛ መቼ ተወንን? ፊልም ያልከው አንተ ነህ። ያኔ የተጣላ ሰው ቀረፅክ፤ አራተኛው ላይ ተጣሉ የተባሉትን ቀረፅክ።»

«አሁንም እውነቱን ልቀርፅ ነው። መጨረሻው አውፍታ ነው፤ ይቅር መባባል። ሸህ አብዱልሀኪም ራሳቸው መጥተው ዱዓ ያደርጋሉ። ይህን ያሰቡት እትዬ ዙሀራ ናቸው።»

የዙሀራ ጉበት ታሞ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤቷ መልሰዋታል። ከዚያ ወዲህ ስንት ሽማግሌ ብትልክ ሙሀባ በሯን አልከፈተችም። በእነሱ ዘንድ አውፍ ሳይባል የሞተ ሰው የሰው ሐቅ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። በሽማግሌ ፊት ዱዓ ተደርጎ አሚን ከተባለ ግን አለቀ፤ መመለሻ የለውም። ዙሀራ በበር ያጣችውን በካሜራ ልትወስደው ነው።

«እሺ» አለች ሙሀባ። ሰዲቅ ጉልበቷን ሊስም ተንደረደረ።

ቀረፃው የሳልህ ማንጎ ጥላ ስር ሆነ። ዙሀራን ከነፍራሿ ተሸክመው አመጧት። ሆዷ ተነፍቷል፣ ክንዷ ጭራሮ አክሏል። ያን ቀን የመታት እጅ ይህ መሆኑን ሙሀባ አይታ ማመን አቃታት።

ሰዲቅ ካሜራውን ከፈተና «ይጀመር» አለ።

ዙሀራ ድርሰቱ ላይ ረጅም ንግግር ነበራት። ዘለለችው።

«እትዬ፣ አውፍ በይኝ። ጥፊውን አውፍ በይኝ። የሳልህንም ሳቅ።»

ሙሀባ ክው አለች። የሳቁን ነገር ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። ይቺ ሴት ለካ የት እንደሚያማት ያኔውኑ ታውቅ ነበር። እያወቀች ነው ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያለችው፣ ሞት እስኪመጣባት።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አለች ሙሀባ፣ ድርሰቱ እንደሚለው። «ለዱንያም ለአኺራም።»

ሸህ አብዱልሀኪም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሽማግሌዎቹ አሚን አሉ። ሰዲቅ ካሜራውን እንደያዘ አለቀሰ። የዙሀራ ፊት ከታመመች ወዲህ ገና አሁን ፈታ አለ።

«ካት» አለ ሰዲቅ፣ ንፍጡን እየጠረገ።

ሙሀባ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ሸኽዬ፣ ምስክር ይሁኑኝ። እኔ ያልኩት የልጁን ድርሰት ነው። ከራሴ የወጣ አንድ ቃል የለበትም።»

«ተይ ሙሀባ! አላህን ፍሪ! አሚን ያልነው እኮ በእውነት ነው።»

«እናንተ በእውነት አላችሁ። የኔን ልብ አላህ ያውቀዋል፤ እሱ ፊልም አያይም።»

«እትዬ…» ዙሀራ ያንን የጭራሮ እጅ ዘረጋች።

ሰዲቅ ካት አለ እንጂ ካሜራውን አላጠፋውም ነበር። ቀዩ መብራት እንደበራ ነው። ሙሀባ መብራቱን አየችው፣ የተዘረጋውንም እጅ አየችው። ከዚያ ድምፁ በደንብ እንዲቀዳላት ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ፣ ከት ብላ፣ ልክ እንደ ሳልህ ሳቀች።