የክብር ወንበር

ጋሽ ደምሴ ቀወት ውስጥ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ሀይሉ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከደሴው መንገድ ዳር ሆቴል ከከፈተ ወዲህ ግን እርፍ አልጨበጡም። «የሆቴል ባለቤት አባት በሬ ሲነዳ ቢታይ ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ መሬቱን ተክሌ ለሚባል ጎረቤት በእኩል እንዲያርሰው ሰጥቶ፣ አባቱንና እናቱን እትዬ ውባለምን ከተማ አስገባቸው።

ከዚያ ወዲያ የጋሽ ደምሴ ሥራ በረንዳ ላይ መቀመጥ ሆነ። ምግባቸው እንደ ጥንቱ ነው፤ ሲያርሱ ውለው የሚበሉትን ያህል የማሽላ እንጀራ ይበላሉ። በዚያ ላይ ሀይሉ ለክብራቸው ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ያስቀርብላቸዋል። ሊነሱ ሲሉ «ይቀመጡ አባዬ፣ እንግዳ አለ» ይላቸዋል።

ውሎ አድሮ ውሃ ጥም ያዛቸው። ቢጠጡ አይረኩም። ሰውነታቸው ከሳ፤ ዓይናቸውም ፈዘዘ። ሀይሉ የጣርማ በርን ተራራ አሻግሮ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። የስኳር በሽታ ነው ተባለ።

ሀይሉ እንደተመለሰ በእንግዳ ፊት እናቱ ላይ ጮኸ።

«እርስዎ ነዎት አባዬን በእንጀራ የገደሏቸው!»

እትዬ ውባለም ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔ? አባትህ ያንኑ እንጀራ እየበላ አይደል አንተን ያሳደገህ? የበላው ላብ ሆኖ ይወጣለት ነበር! አንተ ነህ እንደ ሥዕል በረንዳ ላይ የሰቀልከው!»

«እንጀራው ነው ያለው ሐኪሙ ነው።»

«እንግዲያስ ከራሱ አፍ እሰማለሁ።»

በቀጠሮው ቀን ባላቸውን ይዘው ራሳቸው ሄዱ። እንጀራው ብቻ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁት ሐኪሙ ገረመው።

«ለልጅዎ ሁሉንም ነግሬው ነበር እኮ። ዳቦውንና ስኳሩን ይተዉ፣ እንጀራውን ይቀንሱ፣ ክኒኑን ይዋጡ፤ ደግሞ ተቀምጠው አይዋሉ ብዬዋለሁ። የሚሠራ ሰው ጉልበቱ የበላውን ይጠቀምበታል። ሲቀመጥ ግን ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል።»

«አይቀመጡ ብለውታል?»

«ብዬዋለሁ።»

እትዬ ውባለም ጣርማ በርን አልፈው ቆላ ወረዱ። ሆቴሉ ሲደርሱ ልብሳቸውን ጠቅልለው፣ ባላቸውን አስከትለው ወደ ቀወት መንደራቸው ተመለሱ።

ጋሽ ደምሴ ከተክሌ ጋር ማረም፣ እርከን መካብ፣ ውሃ መምራት ጀመሩ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይደክማቸው ነበር። እየዋለ እያደረ ጉልበታቸው ተመለሰ፤ ጥሙም ቀለለላቸው። በሽታው አልለቀቃቸውም፤ ክኒኑንም አልተዉም።

አንድ እሑድ ሀይሉ በመኪና መጣ።

«አባዬ፣ ሰው አባቱን አባረረ እያለኝ ነው። ይመለሱልኝ።»

እስከዚያ ቀን ልጃቸውን ተቃውመው የማያውቁት ጋሽ ደምሴ ቀና አሉ። «ሰው እንዳይስቅብህ ብለህ የሐኪም ቃል ደበቅከኝ። አንተ ስትከበር እኔ ልሞት ነበር። አልመጣም!»

ሀይሉ መሬት መሬት እያየ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

«እኔንስ?» አሉ እትዬ ውባለም አቧራውን እያዩ። «እውነቱን እያወቀ በሰው ፊት ገዳይ ያለኝን እኔን እናቱን፣ አንዲት የይቅርታ ቃል እንኳ ሳይለኝ ይሄዳል?»