የሚስተር ቴምሱ አራት «ፓ»

በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚያወራ ተከራይ አላምንም። ሚስተር ቴምሱ ዩኒቨርሲቲው ያመጣው ህንዳዊ መምህር ነው። ከሥራ ሲገባ «ፓ፣ ፓ፣ ፓ፣ ፓ» ይላል፤ ያንኑ ቃል እየደጋገመ። ጎረቤቴ ታንጉት ድግምት ነው አለችኝ። እኔ የፈራሁት ግን ሌላ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያለችኝ ልጄ ማርቲ ብቻ ናት፤ ሰውዬው ደግሞ እሷ ከፋርማሲ ሥራዋ የምትመለስበትን ሰዓት ጠብቆ በሩን ገርበብ ማድረግ ጀምሯል።

አንድ ቀን የማርቲን ድምፅ ከእሱ ክፍል ሰማሁ።

«ሦስተኛው ዝቅ ብሏል፤ ይድገሙት።»

ሳላንኳኳ ገባሁ። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች፤ እሱ ስልኩን አፉ አጠገብ ይዟል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«አፋቸውን እንዳላይ ነው፣ እማዬ። በጆሮዬ ብቻ እንድለየው።»

ሚስተር ቴምሱ በተሰባበረ አማርኛው አስረዳኝ። የእናቱ ቋንቋ የቲቤት ቋንቋ ዘመድ ነው፤ አገሩ ተራራ ላይ ያሉ ጥቂት መንደሮች ብቻ ናቸው የሚናገሩት። አንዱ ቃል ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ሌላ ነገር ይሆናል። እሱ ሰው አገር ሲኖር ድምፆቹ ተቀላቀሉበት። ባለፈው ሲደውል እናቱ አነጋገሩን ተጠራጥራ «አንተ ልጄ አይደለህም» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። አሁን ስልኩ ላይ ካለው የእናቱ የድሮ ድምፅ ጋር እያነጻጸረ ይለማመዳል።

«ማርቲ ምን አገባት ታዲያ?»

«የአባዬን ቋንቋ እችላለሁ» አለች ማርቲ። «ካፊኖኖም ላይ እኮ ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲል ቃል ይለያል።»

እኔ የሰሜን ሰዎች ልጅ ነኝ። ያን ያህል ዘመን ከካፋ ሰው ጋር ስኖር ይህን ልብ ብዬው አላውቅም፤ ስለዚህ አላመንኳቸውም። ተመካክረው ይሆናል ብዬ ማርቲን በነጠላዬ ሸፈንኳት። ሚስተር ቴምሱ አራቱን «ፓ» አዘበራርቆ ጠራ። ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው፤ እሷ አንዱንም ሳትስት ለየቻቸው።

እሑድ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ እናቱ ጋ ሲደውል በሩ ላይ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ልጄን ብቻዋን አልተዋትም። አሮጊት እናቱ ጠየቁት፣ መለሰ። እንደገና ጠየቁት። እንደ እኔ ተጠራጣሪ ናቸው፤ ወደድኳቸው። በመጨረሻ ማልቀስ ጀመሩ፤ እሱም አለቀሰ።

«ልጄ ነህ አለችኝ» አለ እንባውን እየጠረገ። «ሴሚስተሩ ሲያልቅ አገሬ እገባለሁ።»

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ለእናቱም ደስ አለኝ፣ ሰውዬው ከልጄ ሊርቅ ስለሆነም ደስ አለኝ። ተመስገን ብዬ ወንበሬን አንስቼ ወደ ቤት ገባሁ። ማርቲ ተከተለችኝ።

«እማዬ፣ እንደምወደው እሱ ምንም አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «አብሬህ ልሂድ ብዬ ብጠይቀው እምቢ የሚለኝ ይመስልሻል?»

ያን ሁሉ ጊዜ በዓይኔ ስጠብቅ የኖርኩት እሱን እንጂ እሷን አልነበረም።