ጥገኛዋ

የቀድሞ ባሌ ግብር ይቀነስልኝ ብሎ ልጄን በስሙ አስመዝግቧል ሲሉኝ፣ “የት አባቱንስ!” እያልኩ ነው ግብር ቢሮ የደረስኩት። ለካ እኔም በስሜ አስመዝግቤያታለሁ። ከተፋታን ወዲህ አንድ ሳምንት እኔ ጋ፣ አንድ ሳምንት እሱ ጋ ነው የምታድረው፤ ሁለታችንም የኔ ናት ብለናል። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እሷም መጥታ መሃላችን ቁጭ ብላለች።

“አንድ ልጅ ለሁለት ሰው አትያዝም” አለች መነጽር ያደረገችው ሠራተኛ። “ብዙ ሌሊት ያደረችበት ወላጅ ነው የሚቀነስለት። ጥገኛዋ አምና ማን ጋ ስንት ሌሊት አደረች?”

ልጄ ዘላ ተነሳች። “ጥገኛ? እኔ ትል ነኝ እንዴ? ሳይንስ ላይ ተምረናል! ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰው ምግብ የሚበላ ነው!”

“ታዲያ ምን ተሳሳቱ?” አለ አባቷ። ላለመሳቅ ከንፈሬን ነከስኩ፤ ድሮም ያገባሁት ለዚህ ምላሱ ነው።

እሱ ሹፌር ነው፤ ሌሊቶቹን መዝግቦ የያዘው በጉዞ ደብተሩ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የኔው ከስፌት መኪናዬ በላይ ያለው ካላንደር ላይ ነው። ሲደመር መቶ ሰማንያ ሁለት ለሱ፣ መቶ ሰማንያ ሁለት ለኔ። እውነቱን ልናገር፣ ያንገበገበኝ ገንዘቡ አይደለም። ወረቀት ላይ የሱ ከተባለች እኔ ቤት በእንግድነት የምታድር ሊመስለኝ ነው።

“አንድ ሌሊት ጎደለ” አለች ሠራተኛዋ።

“ትርፍ አንጀቴ የወጣ ለታ ነዋ!” አለች ልጄ። “ሆስፒታል ነው ያደርኩት። ሁለቱም ነበሩ።”

ለጠብ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ማጅራቱን አከክ አከክ አደረገና፣ “ለናቷ ይጻፍ” አለ። “እኔ ያን ሌሊት ወንበሩ ላይ ለሽ ብያለሁ። ነቅታ ያደረችው እሷ ናት።”

ውሸታም! የልጄን እግር በሁለት እጁ እንደያዘ ነው የነጋለት፤ ዓይኔ እያየ።

“የዘንድሮው ለኔ ይሁን” አልኩ። “የሚመጣው ዓመት ለሱ ይጻፍለት።”

ፈረምን። ልጄ እስክሪብቶውን ከእጄ መንትፋ “ጥገኛ” የሚለውን ሰረዘችና “ልጅ” ብላ ጻፈች።

“ቅጽ እኮ አይሰረዝም!” አለች ሠራተኛዋ። ወዲያው ግን ማህተሟን አነሳችና ስርዙ ላይ ዷ አደረገችው።

“በቃ፣ አሁን ትሉ ርቦታል” አለች ልጄ። “ማነው የሚያበላው?”

“እኔ!” አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ።