የለገሠ ዶሮ በፕራግ

«ፕራግ ውስጥ ስሜ የተጻፈበት ምግብ ቤት አለ አሉ።»

አባቴ ይህን ሲል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ሰርግ ተጠርቶ ይላል፤ ፀጉር ቤት ተራ ሲጠብቅ ይላል፤ ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ «በደንብ ተንፍስ» ሲለው እንኳ በትንፋሹ መሀል ያስገባታል። ማን አለ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አሉ ነው፤ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቼኮች የቢራ ፋብሪካ ሊተክሉ ሐረር በመጡበት ዘመን፣ አባቴ ለገሠ የሚያርፉበት የእንግዳ ቤት ዋና ምግብ አብሳይ ነበር። ስሙን ያስጠራው ዶሮ ነው። ቆዳው ሳይቀደድ አጥንቱ ይወጣል፣ በሩዝ፣ በዘቢብና በእንቁላል ይሞላል፣ በነጭ ክር ተሰፍቶ ምድጃ ይገባል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጢማም መሐንዲስ፣ አገሩ ሲመለስ ምግብ ቤት ከፈተ፤ ዝርዝሩ ላይም የአባቴን ስም አሰፈረ። ወሬው ይኸው ነው። የመሐንዲሱ ስም ማን ነበር? «ያን» ይላል አባቴ። በዚህ ስም ሰው ፈልጋችሁ አግኙ እስኪ፤ በሱ ቆጠራ ከመጡት ሠላሳ ሰዎች አሥራ አንዱ ያን ነበሩ።

እኔ ባርኮት፣ የሱ አንድያ ልጅ፣ የምኖረው ሰው በማያምነው ሥራ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ሀብታም ደንበኞቹን አውሮፓ ሲልክ የት እንደሚበሉ የምመርጥላቸው እኔ ነኝ፤ ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ካለችው ቤታችን፣ መስኮት ሥር ካስቀመጥኳት ጠረጴዛ። ትምህርት ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩት እናቴ ስትሞት ነው። እንግሊዝኛውን ከስልክ ተማርኩት። አዋሽን ተሻግሬ አላውቅም፤ ግን ቬየና ውስጥ የትኛው ጠረጴዛ መጸዳጃ ቤት በር ሥር እንደተቀመጠ አውቃለሁ። የምግቡን ፎቶ በር ላይ የሚለጥፍ ቤት ከእኔ ዘንድ ወዲያው ይወጣል። አስተናጋጁ መንገድ ላይ ቆሞ አላፊውን የሚጎትት ቤትም ይወጣል። ስልሳ ዓይነት ምግብ የሚዘረዝር ቤት ሃምሳውን ከማቀዝቀዣ እያወጣ ነው የሚያሞቀው። አስተያየት ሳነብ ከመጥፎው ጀምሬ ነው፤ የሚያመሰግን ሰው ሰነፍ ነው፣ የተናደደ ሰው ግን ዝርዝር ይጽፋል። ደንበኞቼ ሁለት ሁለት ዲግሪ አላቸው። ዓሣ በየትኛው ሹካ እንደሚበላ የሚጠይቁት ግን እኔን ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሁ የአባቴን ምግብ ቤት ለምን አልፈለግኩም? ወሬ መሆኑን አውቅ ነበራ። አንዳንድ ነገር ካልነኩት ይኖራል።

ባለፈው መስከረም ግን ጓደኛዬ ናዝራ ለአምስት ቀን ሥልጠና ፕራግ ልትሄድ ሆነ። ናዝራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ አባቷ አው ዐብዱልገኒ በዚያው የእንግዳ ቤት ገበታ አቅራቢ ሆነው ከአባቴ ጋር ሠርተዋል። «አው» በከተማው ግንብ ውስጥ በሚኖሩት በጁገል ሰዎች ቋንቋ ለአባት የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ እኔም ከሕፃንነቴ እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። አባቴ የናዝራን መሄድ ሲሰማ ኮቱን ለብሶ አስጠራት። ሐኪሙ ልቡ እንደደከመ ለእኔ ብቻ ነግሮኝ ነበር፤ እሱ ግን ሳይነገረውም የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ትቶ ነበርና።

«ናዝራ ልጄ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም» አላት። «ሄደሽ አይተሽልኝ ነይ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ዶሮውን አልበላም» አለች። በቢስሚላህ ያልታረደ ሥጋ ናዝራ ሐረርም አትበላ፣ ፕራግም አትበላ።

«አትብይው። ስሜን አንብበሽ ነይ።»

«አድራሻውስ?»

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ለሚኒስትር ምግብ ቤት የምትመርጥ ልጅ አለችኝ። ለአባቷ ያቅታታል?»

«ለሚኒስትር መርጬ አላውቅም፤ ለሚኒስትር ሚስት ነው» አልኩት።

«እሱማ ይብሳል» አለና ሳቀ። ሲስቅ ከንፈሩ ጠቆር እንዳለ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጀመርን። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወንበሩን ከጎኔ ያስቀምጣል። በአሮጌው የፕራግ ከተማ ያሉትን ደህና ደህና ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ እየከፈትኩ አሳየዋለሁ። ለካ ዕድሜ ልኬን ተምሬዋለሁ የምለውን ሙያ እሱ ተወልዶበታል። አንዱን ቤት አየና «መጋረጃው ከባድ ነው፤ የትናንት ጥብስ ሽታ ይይዛል» አለ። ሌላውን «ብርጭቆውን በጨርቅ ነው የሚያደርቁት፤ ክሩን አየሽው?» አለኝ። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ብርጭቆ አጉልቼ አይቼ አላውቅም። በሙያዬ የሚስተካከለኝ ሰው ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ጎኔ ተቀምጦ እያስነጠሰ።

አርባ አንድ ቤት ለየን። ለሁሉም ጻፍኩ፦ ሐረር የነበረ መሐንዲስ ታውቃላችሁ ወይ፣ ለገሠ በሚል ስም የሚቀርብ የተሞላ ዶሮ አላችሁ ወይ። የመጨረሻዋ ሥጋ የማትሠራ ሚጢጢ ቤት ነበረች፤ እሷን ልሰርዛት ስል አባቴ «ላኪላት፤ ደብዳቤ አይከብድም» አለ። አሥራ ሁለቱ ብቻ መለሱ፤ ሁሉም የለም አሉ፣ በጨዋ ቋንቋ።

የናዝራ መሄጃ ሲቀርብ መምረጥ ግድ ሆነ። ወንዙን ተሻግሮ ባለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ አንድ ቤት ነበር፤ የተሞላ ዶሮ ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ዋጋው ያስደነግጣል፣ መልስ ግን አልሰጡንም። አባቴ ፎቶውን ብዙ አየው። ዶሮው ሆዱ ላይ የክር ስፌት ይታያል።

«ይሄ ነው» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ስፌቱ የኔ ነው።»

ስፌት ስፌት ነው ልለው ነበር፤ ምላሴን ያዝኩት። ያን አንድ ጊዜ እንኳ መያዝ ችዬ ነበር። ለሐሙስ ምሳ፣ ለአንድ ሰው፣ በናዝራ ስም ጠረጴዛ አስያዝኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ደወለች።

«ባርኪ፣ የለም» አለች። «ድንች በላሁ፤ ከዚያ አስተናጋጁን ጠየቅኩት፣ አብሳዩን ጠራልኝ። ልጅ ነው፣ የኛ እኩያ። ቤቱ ከተከፈተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ጫማ መሸጫ ነበር።»

የቤቱን ስም ከማስታወሻዬ ላይ ሰረዝኩት።

«ስሚኝ» አለች። «ዝርዝሩ እጄ ላይ ነው። ስሙን በእጄ ልጻፍበትና ፎቶ አንስቼ ልላክ። በአማርኛ፣ በትልቁ። ወላሂ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አቦ ተይ።»

«እኔ የምኖረው ስለማልዋሽ ነው ናዝራ። አንድ ቀን ያላየሁትን አይቻለሁ ብል ሥራዬ አበቃ።»

«እሱ እኮ ደንበኛሽ አይደለም። አባትሽ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁባት። እውነተኛ መሆኔን እንደ ወርቅ ጥርስ የማሳይ ሰው ነበርኩ።

አባቴ በሩ ላይ ኮቱን ለብሶ ቆሞ ነበር፤ ዜናውን ቁጭ ብሎ መስማት አልፈለገም መሰለኝ። ከከተማው በላይ ያለው የሐኪም ተራራ ላይ ደመና ወርዷል፤ እሱን እያየ ነው የጠበቀኝ።

«አባዬ፣ የለም» አልኩት። «ቤቱ ስምንት ዓመቱ ነው። አርባ አንድ ቦታ ጠይቄያለሁ። የለም።»

እዚህ ላይ መቆም ይቻል ነበር። ምግብ ቤት ስገመግም አንዲት የምትቆርጥ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ማኖር ልማዴ ነው፤ ያችን ለአባቴም አልነፈግኩትም።

«ሰው ቀልዶብህ ነው።»

«አርባ አንድ?» አለ።

«አርባ አንድ።»

«ብዙ ደከምሽ» አለኝ። ኮቱን አወለቀ፣ ትከሻውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ያችን ወሬ ከአፉ አልሰማሁም። በሳምንቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ «በደንብ ተንፍስ» አለው። ተነፈሰ። ሌላ ምንም አላለም። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ፤ እሱም ያችን ዐረፍተ ነገር ይጠብቅ ነበር።

ጥቅምት አሥራ አራት ቀን አረፈ፤ ጠዋት፣ ወንበሩ ላይ፣ ፊቱን ሳይላጭ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞላ። ሰው ስለ ሟች ሲያወራ የሚያውቀውን ነው የሚያወራው፤ «ነፍሱን ይማረውና፣ ፕራግ እኮ ስሙ የተጻፈበት ምግብ ቤት አለ» ይባባላል። አንዷ ሴትዮ ከንፈሯን መጥጣ «እዚያስ ተረድተው ይሆን?» አለች። ተነሥቼ ወጣሁ። ናዝራ ተከትላኝ ወጥታ ከግንቡ ሥር አብራኝ ቆመች። «አብሽሪ» አለችኝ። ስለ ስልኩ አላነሣችብኝም፤ ብታነሣው ይሻለኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ሳምንት ሥራ ልጀምር ኮምፒውተሬን ስከፍት ደብዳቤ አገኘሁ። ከዚያች ሥጋ ከማትሠራው ቤት ነው። የጻፈችው ሴት ለዕድሳት ዘግተን ስለነበር ዘገየሁ ይቅርታ ትላለች። ዶሮ የለንም፤ ቤታችን ከተከፈተ ጀምሮ ዶሮ ተሠርቶበት አያውቅም ትላለች። «ነገር ግን ቤቱን የከፈቱት አያቴ በወጣትነታቸው ሐረር የፋብሪካ መሐንዲስ ነበሩ፤ ዘወትር ዓርብ የምናቀርበው ምግብም ከዚያ ያመጡት ነው፤ የምትፈልጉት እሱ ይሆን?» ትላለች። የዝርዝሩን ፎቶ አያይዛለች። በላቲን ፊደል፣ በቀጭን ጽሕፈት፦ የሐረር ዱባ ከተምርና ከቃሪያ ጋር፣ እንደ ለገሠና እንደ ዐብዱልገኒ አሠራር።

በቤታችን ዱባ በተምር ተሠርቶ አያውቅም።

ስልኬን ይዤ ወጣሁ። የጊደር መጋላን ገበያ በእህልና በበርበሬ ጆንያ መሀል አቋርጬ፣ ቁልቁል እስከ ኤረር በር፣ በሩጫ ሊሆን ምንም ያልቀረው እርምጃ ነው የሄድኩት። አው ዐብዱልገኒ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አነበብኩላቸው። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ይህማ የኛ ምሳ ነው» አሉ።

«የእናንተ?»

«የኔና የለገሠ። የእንግዳ ቤቱ ሥጋ የክርስቲያን ነው፤ እኔ አልበላም። አባትሽ ደግሞ አንተ የማትበላውን እኔ ፊትህ አልበላም ብሎ ማለ። ታዲያ ዱባ ከጊደር መጋላ እገዛለሁ፣ ተምሩን ከቤት አመጣለሁ፣ እሱ ይሠራል። ስድስት ዓመት ከአንድ ሳህን በላን። ያ ጢማሙ ምሳ ሰዓት ሲሆን የፈረንጁን ገበታ ትቶ ወደኛ ይመጣል። ሣጥን ገልብጦ ይቀመጥና በእጁ አብሮን ይበላል። ለገሠ ያፍር ነበር። እንግዳ የሠራተኛ ምሳ በላ ተብሎ እንዳይወራ፣ ለማንም አትንገር አለኝ። ምግብ ነው ብሎም አልቆጠረውም።»

«ናዝራ ዶሮ ፍለጋ መሄዷን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ምን ልበለው ልጄ? ልቡ በታመመበት ሰዓት? ወላሂ፣ ምግብ ቤቱ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ወሬ መስሎኝ ነበር እንደ አንቺ። እኔ የማውቀው ገበታ የማቀርበው እኔ መሆኔን ነው። እራት ላይ ዶሮው ሲቀርብ አባትሽ ጓዳ ሆኖ የሚያየው የጢማሙ ሳህን ባዶ ሆኖ ሲመለስ ነው፤ ጢማሙ ዛሬም ጨረሰው ብሎ ደስ ይለዋል። ሰውየው ሥጋ አይበላም ነበር። ዶሮውን ሁልጊዜ ጠቅልዬ የምሰጠው ለዘበኛው ነው።»