የክሬግ ክብ ካርቶን

ሎርና የወንድሟን የክሬግን የኮምፒዩተር ጨዋታ የት እንዳደረገችው ስትጠይቃት እናቷ ሺላ ፈጠን ብላ ተነሳች። ከመሳቢያ ውስጥ በንጹሕ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ዲስኩ ነበር። አቧራ እንዳይነካው ብላ ከባሏ ሰዓት ጎን አስቀምጣዋለች።

«ይሄ አይደለም፣ እማ። ክቡን ካርቶን ነው የምፈልገው።»

ሺላ ዲስኩን እንደያዘች ቆመች። ካርቶን ምን ያደርግላታል?

ሎርና አስረዳቻት። ዲስኩን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየገለበጠ ወስዶታል። የጨዋታው ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው ካርቶኑን አብረው የሸጡት። ጨዋታው ሲከፈት ሁለት ሥዕሎች ያሳያል፤ መልሕቅና በቀቀን እንበል። በመሐላቸው የተያያዙትን ሁለት ክብ ካርቶኖች አዙሮ ሥዕሎቹን ማገናኘትና በቀዳዳዋ ብቅ ያለውን ቁጥር መጻፍ ነው። ቁጥሩ የሌለው አይገባም። በጥቁር ቡናማ ላይ በጥቁር ስለታተመም ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ወረቀቱ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

ክሬግ ሆስፒታል ሲገባ ያቆመው ጨዋታ እዚያ ዲስክ ላይ አለ። በጨዋታው ውስጥ የመርከቡ መሪ ጨባጭ እንዳደረጋትና ሲወጣ እንደሚያሳያት ለእህቱ ነግሯት ነበር። አልወጣም።

ሺላ ቁጭ አለች።

«አልጋው ላይ ሆኖ ሲያዞረው ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «እስከ መጨረሻው ቀን። ከእጁ ስለማይለየው… ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩለት።»

የትኛው ኮት እንደሆነ ሎርና አልጠየቀችም። የተቀበረበት ኮት ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከዓሣ ጥብስ ቤቱ በላይ ወደሚኖረው ወደ ክሬግ ጓደኛ ወደ ናይጄል ሄደች። ክሬግና ናይጄል በዚያ ካርቶን የተነሳ አንድ ክረምት ሙሉ ተኳርፈው ነበር። ክሬግ ሊገለብጥብኝ ነው ብሎ ናይጄልን ሌባ፣ ናይጄል ደግሞ ክሬግን ቆንቋና ይለው ነበር። ናይጄል በሩን ከፍቶ ሲያያት ፊቱ ቀላ። የመጣችበትን ሰምቶ ገባና አንድ የሂሳብ ደብተር ይዞ ወጣ።

«ራሱ ነው ያነበበልኝ» አለ። «ሆስፒታል ልጠይቀው የሄድኩ ቀን። ‹ና ጻፍ፣ አንተ ሌባ፣ አሳዘንከኝ› አለኝ። እያዞረ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጽሑፌን አይቶ ዶሮ የጫረው ይመስላል ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ደከመው። የቀረውን ሐሙስ እንጨርሳለን አለ።»

ክሬግ የሞተው ረቡዕ ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ግማሹ ብቻ ነበር።

ኮምፒዩተሩን ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። ጨዋታው ናይጄል ያልጻፋቸውን ሥዕሎች እየጠየቀ ይዘጋል፤ እንደገና ይከፍቱታል። እያንዳንዱ ሙከራ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ሺላ ሻይ አቀረበች። ማንም አልጠጣውም። በዘጠነኛው ላይ መልሕቅና ኮከብ መጡ። ናይጄል በጣቱ መስመሩን ተከትሎ ቁጥሩን አነበበ። ሎርና ጻፈች።

መርከቧ ወደብ ላይ ቆማለች። ውኃና ዳቦ ተጭኗል። የሰዎቹ ዝርዝር በጎን ወርዷል፦ ካፒቴን ክሬግ፣ መሪ ጨባጭ ሎርና፣ ወጥ ቤት እማ። ከሁሉም በታች፣ ወለል አጣቢ፣ ሌባው ናይጄል።

ናይጄል መሳቅ ጀመረና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከሥር ጨዋታው መርከቧ ትነሳ እንደሆን ይጠይቃል። ሺላ እጇን የልጇ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«ብትነሳ ምን ይሆናል?»

«እሱ ያቆመበት ይጠፋል። አዲሱ በላዩ ይጻፋል።»

ስክሪኑ ላይ ያለው ጥያቄ ብልጭ ድርግም ይላል።

ሎርና መልስ ሳትሰጠው ኮምፒዩተሩን አጠፋችው። ናይጄል ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ።